ከጠረጴዛው ሥር

ቅጹ ማቀዝቀዣው በር ላይ ከተለጠፈ አርባ አንድ ቀኑ።
ልጄ ፒህላ ናት የለጠፈችው፣ በዓሣ ቅርጽ ማግኔት፤
«አንብቢው ብቻ፣ እማዬ፤ ካልፈለግሽ ተይው።»
አነበብኩት።
ሁለት የፊደል ግድፈት አለበት።
በእርሳስ አረምኩት።

እሷ ስሟን ያገኘችው አምና ነው፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ።
ስለ ልጅነቷ ስጠየቅ፣
«ይኼማ ምን አለበት፣ እኔም እንዲሁ ነበርኩ»
«ይኼም ያው፣ እኔም እንዲሁ»
እያልኩ ስመልስ፣ ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች፤
ቀና ብላ አየችኝ፤
ምንም አላለችም።
እሾህ እንኳ ይህን ያህል ጊዜ ሥጋ ውስጥ አይቆይም።

የኦውሉ ከተማ የመንገድ መብራት ጠጋኝ ነኝ።
አምፖል ከመሞቱ በፊት ያቃስታል፤
ራይሞ አይሰማውም፣ አለቃችንም አይሰማውም።
ፀሐይ ለሦስት ሰዓት ተኩል ብቻ ብቅ በምትልበት ታኅሣሥ
መሰላል ላይ ሆኜ «ይኼ ነገ ይጠፋል» እላለሁ፤
ይጠፋል።
ይህ ሕመም ነው ወይስ ሙያ?
በምሳ ክፍል ግን ያው ጆሮ ጠላቴ ነው፦
የማንኪያው፣ የወንበሩ እግር፣ የሦስት ሰው ሳቅ ባንዴ።
ሳንድዊቼን መኪና ውስጥ እበላለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት።
«ብቸኝነት ትወዳለች» ይላሉ።
አልወድም።

ዝምታ በሚከበርበት አገር
ዝም ያለን ሰው ማን ያየዋል፤
ምድሩ ሁሉ በረዶ ለብሶ
ነጩን ጥንቸል ማን ይለየዋል።

አንድ ቀን፣ ልሂድ እላለሁ።
በማግስቱ፣ ሃምሳ ሁለት ዓመት ያለ ስም የተጓዘ
ስም ምን ይሠራለታል እላለሁ፤
ጫማ አይደል፣ በልኬ አይሰፋልኝ።
ደግሞስ «አይደለሽም» ቢሉኝ?
ያን ጊዜ መኪናው፣ ሳንድዊቹ፣ የፈረሰው ትዳሬ
ሁሉም የጸባይ ጉድለት ሊሆን ነው እኮ።
«ነሽ» ቢሉኝስ፣
ያን ሁሉ ዘመን ይቅርታ የጠየቅኩት ለምን ነበር?

የሚያስቀው፣ ቀጠሮ የሚያዘው በስልክ ብቻ ነው፤
ከጠዋቱ ሁለት እስከ ሦስት ሰዓት።
ስልክ መደወል እንደሚከብደኝ ለማስረዳት
መጀመሪያ ስልክ መደወል አለብኝ።
የምለውን ወረቀት ላይ ጻፍኩት።
ለ«ሃሎ» ብቻ ሦስት አማራጭ አለኝ።

ገጽ አራት፦ «በልጅነትዎ የሚያውቅዎ ሰው ይሙላ»።
እናቴ ከሞተች ቆየች። ስለዚህ ወደ ወንድሜ፣
በረጋው ባሕር ላይ፣ በበረዶው መንገድ፣ ወደ ደሴቱ ነዳሁ።
ቬይኮ የዓሣ መረብ ይጠግናል፤ ቃል ይቆጥባል።
«እንግዳ ሲመጣ ጠረጴዛ ሥር ትገቢ ነበር» አለ፣
«የሰዉን ጫማ ትቆጥሪ ነበር።
አባታችን ጎትቶ ሊያወጣሽ ሲል እናታችን ከለከለችው።
ከዚያ ወዲህ እንግዳ ሳይደርስ
ትራስ ታስገባልሽ ነበር።»
«ምን ትል ነበር?»
«ምንም።»

አረንጓዴው ትራስ! ጥጉ የተተረተረው።
እኔ እኮ እስከ ዛሬ
ትራሱ እዚያ የሚኖር ይመስለኝ ነበር።

ስም ከቤት ይወጣል፣ ጎረቤት ይቀበላል ይባላል።
ከኛ ቤት ስም አልወጣም፤
ትራስ ነው የገባው።

ቬይኮ ገጹን በሁለት መስመር ሞላው።

ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከአራት ላይ ደወልኩ።
«ተራዎ አሥራ አንደኛ ነው» አለ የተቀረጸ ድምፅ፣ ከዚያ ሙዚቃ፣ ክፉ ሙዚቃ።
እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣
ከኩሽናው ጠረጴዛ ሥር ራሴን አገኘሁት፤
ጉልበቴ ከአገጬ፣ ስልኩ ወለሉ ላይ።
ጠረጴዛ እንዲህ ዝቅ ያለ ነገር መሆኑን ረስቼው።
ልዘጋው እጄን ዘረጋሁ፤ መለስኩት፤ ዘረጋሁ።

የፒህላ እግር መጣ። አንዱ ካልሲ ቢጫ፣ አንዱ ሰማያዊ።
ቆመች። አልጠየቀችም።
ወደ ግድግዳው ሄዳ መብራቱን አጠፋችው፤
ከትናንት ጀምሮ ያቃስት ነበር፣
ለማንም አልነገርኩም።

እሷም ትሰማዋለች ለካ።

«ተራዎ» አለ ስልኩ በጨለማው፣ «ዘጠነኛ ነው።»